«ጨጓራ ነው» ብላችሁ ወተት ከማጠጣታችሁ በፊት እናታችሁን አንድ ነገር ጠይቋቸው



ዛሬ በብዙ ቤት ስለማየው ነገር የራሴን ሐሳብ ላካፍላችሁ። እናት ወይም አባት ሆዳቸውን ሲያማቸው «ጨጓራ ነው» እንላለን። ቀጥሎ ወተት እናመጣለን። ካልተሻላቸው ደግሞ «እርጅና ነው» ብለን እናልፈዋለን። እኔ ይህ ልማድ ብዙ አረጋውያንን ሳያስፈልግ እያሠቃየ ነው ብዬ አምናለሁ።

በቅርቡ አንድ ልጅ 70 ዓመት የሚጠጋቸውን እናቱን ይዞ መጣ። የመድኃኒት ፌስታሉን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፈው፤ ኦሜፕራዞል አለ፣ የጨጓራ ሽሮፕ አለ፣ የአሜባ መድኃኒት አለ። ሦስት ዓመት ተወስዶ ለውጥ የለም። «ዶክተር፣ ምንም አላጎደልኩባቸውም። በየቀኑ አንድ ሊትር ወተት አስመጣላቸዋለሁ» አለኝ።

ልጁ ስልክ ሊያነሳ ሲወጣ እናት ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ልጄ፣ ሕመሙንስ እችለዋለሁ። ሆዴ ይነፋል፣ ይጮሃል፣ አየሩም አልታዘዝ ይለኛል። ሰው መሀል መቀመጥ አፈርኩ። ማኅበሩንም ለቅሶውንም ትቻለሁ» አሉኝ።

«በጾም ጊዜስ እንዴት ነዎት?» ስል ጠየቅኳቸው።

ትንሽ አሰቡና «በሁዳዴማ ደህና ነኝ። እኔማ የጾሙ በረከት ነው እያልኩ ነው» አሉ።

በረከቱን አልክድም። ግን ሁዳዴ 55 ቀን ነው። ያን ሁሉ ቀን ወተት አይጠጡም። እኔ ላዝላቸው ከምችለው የተሻለ ሙከራ በየዓመቱ እያደረጉ ነበር፤ ውጤቱን የጠየቃቸው ሰው አልነበረም እንጂ። እውነቱን ለመናገር፣ እኔም ወረፋ ሲበዛብኝ ምን እንደሚጠጡ ሳልጠይቅ ኦሜፕራዞል ጽፌ የሸኘኋቸው እናቶች ይኖራሉ።

ወተት ለምን አልስማማ ይላል?

ወተት ውስጥ ላክቶስ የሚባል ስኳር አለ። እሱን የሚፈጨው ላክቴዝ የሚባል ኢንዛይም ሲሆን የሚመረተው በትንሹ አንጀታችን ግድግዳ ላይ ነው። ሕፃናት ሳለን በብዛት አለን። ጡት ከተውን በኋላ ግን በአብዛኛው የዓለም ሕዝብ ላይ እየቀነሰ ይሄዳል። ስለዚህ ይህ ነውርም ጉድለትም አይደለም፤ የአብዛኛው ሰው ተፈጥሮ ነው። ለብዙ ትውልድ በወተት በኖሩ እንደ አፋርና ሶማሌ ባሉ አርብቶ አደር ማኅበረሰቦች ውስጥ ግን ኢንዛይሙ እስከ እርጅና አብሯቸው የሚዘልቅ ብዙ ሰዎች አሉ። የጎረቤታችሁ አባት ወተት ጠጥተው ምንም አለመሆናቸው ለእናታችሁ ማስረጃ አይሆንም።

ያልተፈጨው ላክቶስ ወደ ትልቁ አንጀት ይወርዳል። እዚያ ያሉ ባክቴሪያዎች ያብላሉታል፣ ጋዝ ይፈጠራል፣ ውሃም ወደ አንጀት ይሳባል። ከጠጡ በኋላ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ መነፋት፣ ቁርጠት፣ የሆድ መጮህ፣ አንዳንዴም ተቅማጥ የሚመጣው በዚህ ምክንያት ነው።

«ወተት ጨጓራን ያበርዳል አይደል?» ትሉኝ ይሆናል። ቃጠሎውን ለአፍታ ያስታግሳል። ነገር ግን በውስጡ ያለው ፕሮቲንና ካልሲየም ጨጓራው እንደገና አሲድ እንዲያመነጭ ያደርጉታል። ወተት ምግብ ነው፤ የጨጓራ መድኃኒት አይደለም።

«ዕድሜዬን ሙሉ ጠጥቼ ዛሬ ምን መጣ?»

ይህን ብዙ አባቶች ይጠይቁኛል። ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም።

- ኢንዛይሙ የሚቀንሰው ቀስ በቀስ ነው።
- ድሮ በብዙ ቤት ወተቱ ይረጋና ይናጥ ነበር። የሚበላው በአብዛኛው እርጎ፣ ቅቤና አይብ ነው። ዛሬ ግን እኛ ልጆች ስለምንወዳቸው ያልረጋ ወተት በሊትር እናቀርባለን።
- ጃርዲያና ሌሎች የአንጀት ኢንፌክሽኖች የአንጀትን ግድግዳ ሲጎዱ ላክቴዝ ለጊዜው ሊጠፋ ይችላል።
- አንዳንዴ ጥፋቱ የወተት ሳይሆን የመድኃኒት ነው። ለስኳር የሚሰጠው ሜትፎርሚን ሆድ ሊነፋና ሊያስቀምጥ ይችላል። ለመገጣጠሚያ ሕመም የሚወሰዱት ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ደግሞ ጨጓራን ያቆስላሉ። ወደ ሐኪም ስትሄዱ የሚወስዱትን ሁሉ ይዛችሁ ሂዱ።

ታዲያ ምን እናድርግ?

ለሁለት ሳምንት ብቻ ወተት፣ ማኪያቶ፣ የወተት ሻይ፣ የዱቄት ወተትና አይስክሬም ይቁም። በየቀኑ ምን እንደበሉና ሆዳቸው እንዴት እንደዋለ በአንድ መስመር ጻፉላቸው። ከዚያ አንድ ብርጭቆ ወተት ይሞክሩ። ሲያቆሙ ተሽሏቸው ሲጀምሩ ከተመለሰ ምክንያቱን አገኛችሁት ማለት ነው። ጾም የሚጾሙ ከሆነ ሥራው ቀላል ነው፤ የጾሙን ወቅት ከፍስኩ ጋር አነጻጽሩ። በጾም ጊዜ የሚብስባቸው ከሆነ ደግሞ ሽሮውን፣ ባቄላውንና ሽንኩርቱን ተመልከቱ። መጠኑን ቀንሱ፤ ጥራጥሬውንም ሌሊቱን ዘፍዝፋችሁ ውሃውን ደፍታችሁ ቀቅሉት።

ሙከራው «ወተት ነው» ቢላችሁ እንኳ ሁሉንም አትከልክሏቸው። በዚህ ዕድሜ አጥንት ይሳሳል፤ አንድ ጊዜ መውደቅ ዳሌ ይሰብራል። አንድ ብርጭቆ ወተት ወደ 300 ሚሊግራም ካልሲየም ይሰጣል። ከ50 ዓመት በላይ ያለች ሴት ደግሞ በቀን ወደ 1200 ሚሊግራም ያስፈልጋታል። ስለዚህ፦

- ላክቶስ የማይስማማቸው ብዙ ሰዎች በአንድ ጊዜ ወደ 12 ግራም፣ ማለትም አንድ ብርጭቆ ወተት የሚይዘውን ያህል፣ ብዙም ሳይቸገሩ ይችላሉ። በባዶ ሆድ ሳይሆን ከምግብ ጋር፣ በትንሽ በትንሹ ይውሰዱ።
- እርጎ ሲረጋ ባክቴሪያዎቹ ከላክቶሱ የተወሰነውን ይበሉታል። አይብ ሲወጣ ብዙው ላክቶስ ከአጓቱ ጋር ይሄዳል። ቅቤ ውስጥ ከነጭራሹ የለም ማለት ይቻላል።
- ማፍላት ላክቶስን አያጠፋም። ቢሆንም ጥሬ ወተት ብሩሴሎሲስና የሳንባ ነቀርሳ ሊያስተላልፍ ስለሚችል ሁልጊዜ ይፍላ። እርጎም ከፈላ ወተት ቢረጋ ይሻላል።
- ጤፍ፣ ጎመንና ሰሊጥም ካልሲየም አላቸው።
- ወላጆቻችሁን ወደ አሜሪካ ወይም አውሮፓ የወሰዳችሁ ልጆች፣ ላክቶስ የሌለው ወተት በየሱፐርማርኬቱ ታገኛላችሁ። ካልሲየሙ ያው ነው።

ለወጣት ወላጆችም አንድ ቃል። ይህን አንብባችሁ የሕፃን ልጃችሁን ጡት እንዳታቋርጡ። ልጅ ተቅማጥ ሲይዘውም ጡት ይቀጥላል።

አሁን ከሁሉም በላይ እንድትይዙልኝ የምፈልገው

የማልረሳቸው ሌላ አባት አሉ። «ወተት አልስማማኝም» ብለው ራሳቸው ወተት አቆሙ። አልተሻላቸውም፤ ሥጋም አቆሙ። ሰገራቸው ላይ ደም ሲያዩ «ኪንታሮት ነው» ብለው ዝም አሉ። እኔ ዘንድ ሲመጡ ቀበቷቸው ላይ ሁለት አዲስ ቀዳዳ በስተውበት ነበር። የትልቁ አንጀት ካንሰር ነበር። ከወራት በፊት ቢመጡ ሌላ ወሬ እናወራ ነበር።

ላክቶስ ያሳፍራል፣ ያስቸግራል እንጂ ደም አያፈስም። ከሚከተሉት አንዱን ካያችሁ የሁለት ሳምንቱን ሙከራ እርሱትና ቶሎ ወደ ሐኪም ሂዱ፦

- ሳይፈልጉ ክብደት መቀነስ
- ደም ያለበት ወይም እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ (የአይረን ኪኒንም ሰገራ ያጠቁራል፤ ቢሆንም ተጠየቁ)
- ለመዋጥ መቸገር ወይም የማያቋርጥ ማስመለስ
- የደም ማነስ፣ ያልተለመደ ድካም
- ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ሕመም ወይም ተቅማጥ
- ከ50 ዓመት በኋላ አዲስ የጀመረና ለሳምንታት የዘለቀ የሰገራ ለውጥ፣ ድርቀትም ይሁን ተቅማጥ

ለረጅም ጊዜ ኦሜፕራዞል የሚወስዱትንም በራሳችሁ አታስቁሟቸው። በተለይ አስፕሪን ወይም የሕመም ማስታገሻ አብረው የሚወስዱ ከሆነ ሐኪማቸው ይወስን። «አሁንም ያስፈልጋቸዋል?» ብሎ መጠየቅ ግን መብታችሁ ነው።

እኚያ እናት ከአንድ ወር ተኩል በኋላ ተመልሰው መጡ። ወተቱ በእርጎ ተተክቷል፣ ሆዳቸው ቀንሷል። አልፎ አልፎ ከጎረቤት ጋር ማኪያቶ ሲጠጡ ትንሽ እንደሚነፋቸው ሳቅ ብለው ነገሩኝ። «ማኅበሩስ?» አልኳቸው። «ባለፈው ወር ሄድኩ። ጠፋሽ ብለው ተቆጡኝ» አሉ።

ልጁ ክፉ አልነበረም፤ ፍቅሩን በሊትር እየለካ ነበር የሚያመጣው። ዛሬ ማታ እናንተም እናት አባታችሁ ጎን ቁጭ በሉና «ወተት ሲጠጡ ምን ይሰማዎታል? በጾምስ?» ብላችሁ ጠይቋቸው። አፍረው ዝም ካሉ ደጋግማችሁ ጠይቁ። ማንበብ ለሚቸግራቸውም ይህን ጽሑፍ አንብቡላቸው።