ከታች የሚመጣው ውሃ

ወንድሞቼ፣ ቡናው ዋጋ ሲያወጣ ልጆቻችን የጭቃውን ቤት አፍርሰው በብሎኬት ለመሥራት ተጣድፈዋል። ቴፒ በዓመት ከ1500 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ያገኛል፤ ሚዛን ይብሳል። ስለዚህ ዓይናችን ሁሉ ቆርቆሮው ላይ ነው። እኔ የምፈራው ግን ከላይ የሚመጣውን አይደለም።

የኔን ጉድ ስሙ። ግንበኛው ቀዩን አፈር ጠረገ፣ ጥቂት ድንጋይ ረበረበ፣ ሲሚንቶውን ከግቢው እኩል አፈሰሰና ብሎኬቱን እዚያው ላይ ደረደረ። "ሲሚንቶ ውሃ አያስገባም" አለኝ፤ አመንኩት። የኩራዝ ክር ጋዝ ሲስብ አይታችኋል? ሲሚንቶም ከመሬት እንዲያ ይስባል፤ ብሎኬቱ ደግሞ ከወለሉ ይቀበላል። በሁለተኛው ክረምት ግድግዳው እስከ ጉልበቴ ጠቆረ፤ ቀለሙ እሳት እንደነካው ቆዳ ውሃ ቋጠረ። ስዳብሰው ነጭ ዱቄት እጄ ላይ ቀረ፤ ውሃው ተሸክሞት የወጣ ጨው ነው። እንደገና አስለስኜ ቀለም አስቀባሁ። መውጫ ያጣው እርጥበት ከልስኑ በላይ ብቅ አለ።

የቡናውን ጀንፈል ግድግዳው ሥር ነበር የደረደርኩት። እርጥበቱ 12 በመቶ ግድም እስኪወርድ በማድረቂያ አልጋ ላይ ስናገላብጥ ከርመን፣ እቤት አስገብተን መልሰን አጠጣነው። ነጋዴው የታችኛውን ጆንያ ፈታ፣ አሸተተ፣ ምንም ሳይናገር መልሶ አሰረው።

የጭቃው ቤት ክፈፉ ሰፊ ነበር፣ እሳቱም መሐል ቤት ይነድ ነበር፤ ግድግዳው ቢረጥብም ይደርቃል። ምስጥ ይበላው እንደነበር አልክድም።

እባካችሁ ሲሚንቶው ሳይፈስ ሄዳችሁ መሠረቱ አጠገብ ቁሙ። ወለሉ ከግቢው ክንድ ያህል ከፍ ይበል። ከድንጋዩ በላይ፣ ከሲሚንቶው በታች ወፍራም ላስቲክ ይነጠፍ፤ መጋጠሚያው ስንዝር ይደራረብ፤ ድንጋዩ እንዳይበሳው አሸዋ ይልበስ። የመጀመሪያው ብሎኬት ከመቀመጡ በፊትም በግድግዳው ልክ ላስቲክ ወይም ሬንጅ ይግባ። "ይህ ትርፍ ወጪ ነው" የሚላችሁን ግንበኛ አሰናብቱ። ቤቱ ካለቀ በኋላ ደግሞ ለአበባ ብላችሁ አፈር ግድግዳው ላይ አትከምሩ፤ አፈሩ ላስቲኩን አልፎ ውሃውን ያሻግራል።

የተሠራውን የምትጠራጠሩ፣ ክንድ በክንድ የሆነ ላስቲክ ወለሉ ላይ አንጥፉ፤ ዳር ዳሩን በፕላስተር አጣብቃችሁ አሳድሩት። እኔ ጠዋት ስገልጠው ጠብታው ከሥሩ ችምችም ብሎ ነበር። የተረፉትን ጆንያዎች የዚያኑ ዕለት እንጨት ረብርቤ አወጣኋቸው፤ ከግድግዳውም አራቅኋቸው።