ጎመኑ አልታመመም፣ እየሰጠመ ነው

ሰኔ ሲገባ ከተማው በአንድ ጊዜ ገበሬ ይሆናል። የመንገድ ዳር ችግኝ ሻጮች ፋታ ያጣሉ፤ ፍግ በማዳበሪያ ከረጢት ተጭኖ በባጃጅ ይጓዛል፤ ልጆችም ፈተና እየጨረሱ ስለሆነ ቤት ውስጥ አካፋ የሚይዝ እጅ አይጠፋም። ግንቦትን ሙሉ ባልዲ ተሸክሞ ሲያጠጣ የከረመ ሰው «ከእንግዲህ ሰማዩ ያጠጣልኛል» ብሎ ያርፋል። ሁለት ሳምንት እንዳለፈ የጎመኑ የታችኛው ቅጠል ቢጫ ይሆናል።

በዚህ ወር ከሁሉም በላይ የምጠየቀው ይህንን ነው፤ «ጎመኔ ቢጫ ሆነብኝ፣ ምን ልርጭበት?» ጠያቂው ምርመራውን ጨርሶ የመጣ ነው። በሽታ ገብቷል፣ የቀረው መድኃኒት መግዛት ነው። በሰኔ ግን አብዛኛውን ጊዜ መልሱ ያለው ዶማ ላይ እንጂ የሚረጭ ነገር ላይ አይደለም።

ሥር እንደማንኛውም ሕይወት ያለው ነገር አየር ይፈልጋል። በአፈር ቅንጣቶች መካከል ያለው ክፍተት በውሃ ሲሞላ ሥሩ ይታፈናል፤ የታፈነ ሥር ደግሞ ምግብ መሳብ ያቆማል። ከባድ ዝናብ በአፈሩ ውስጥ ያለውን ናይትሮጅንም አጥቦ ይወስዳል። ተክሉ ያለችውን ጥቂት ናይትሮጅን ከአሮጌው ቅጠል አንስቶ ወደ ለጋው ያዛውራል፤ ቢጫነቱ ከታች የሚጀምረው ለዚህ ነው። ሌላም የሚያሳስት ነገር አለ። የታፈነ ተክል አፈሩ ረጥቦ ሳለ እንደተጠማ ሁሉ ይጠወልጋል። ይህን ያየ ሰው ውሃ ይጨምርለታል፣ ወይም ዩሪያ ይበትንበታል። ሁለቱም አይረዱትም።

ለዚያውም ሰኔ ገና መግቢያው ነው። አዲስ አበባ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች፤ ከዚህ ውስጥ ግማሽ ያህሉ የሚወርደው በሐምሌና በነሐሴ ነው። በሰኔ አጋማሽ ላይ ውሃ የሚያቁር መደብ ሐምሌ ላይ ኩሬ ይሆናል።

ማረጋገጫው ቀላል ነው፣ ልጆችም ይወዱታል። መትከል የፈለጋችሁበት ቦታ ላይ አንድ ስንዝር ተኩል ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍሩ፤ ውሃ ሙሉበትና ተዉት። በሁለትና በሦስት ሰዓት ውስጥ ከሰረገ ሥጋት የለም። ጠዋት ስትነሱ ውሃው እዚያው ከሆነ እዚያ ቦታ ላይ መሬቱን ሳታነሱ ምንም አትትከሉ። ቦሌ፣ ለቡ እና አቃቂ አካባቢ ጥቁሩ መረሬ አፈር ላይ ቤት ያላችሁ ሰዎች ውጤቱን ሳትቆፍሩም ታውቁታላችሁ። ይህ አፈር በበጋ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፤ በክረምት ያብጥና ውሃውን አላሳልፍ ይላል።

ለዚህ መፍትሔ የሚሆን ነገር ለመፈለግ ኢንተርኔት ላይ መንከራተት አያስፈልግም። በሰሜን ሸዋ እነዋሪ አካባቢ ገበሬዎች ይህንኑ ጥቁር አፈር ካረሱ በኋላ መላው ቤተሰብ ወጥቶ በእጁ እያነሳ ከፍ ያለ መደብ ይሠራዋል፤ በመደቦቹ መካከል ያለው ቦይም ውሃውን ይዞ ይወጣል። ለጓሮ ሲሆን ስፋቱን አንድ ሜትር አድርጉት፤ ከሁለቱም ጎን መሐሉ ድረስ እጅ ይደርሳል፣ መደቡ ላይ መቆምም አይኖርም። ከፍታው አንድ ስንዝር ወይም ትንሽ ከዚያ በለጥ ያለ ይሁን። ኮምፖስት ካላችሁ እዚህ ላይ ቀላቅሉት። ቦዩን ስትቀዱ መጨረሻው የት እንደሆነ ተከተሉት። በጎረቤት አጥር ሥር የሚያልቅ ቦይ አይቻለሁ፤ ጉዳዩ እስከ ዕድር ሰብሳቢ ድረስ ሄዷል።

ኮንዶሚኒየም ያለን ሰዎች ችግራችን ያው ነው፣ መጠኑ ብቻ ያንሳል። የተቆረጠ ጀሪካን፣ አሮጌ ባልዲ፣ ጎማ፣ ሁሉም ከታች ካልተበሳ ገንዳ ነው። በጣት ውፍረት አምስት ስድስት ቦታ ብሱት፤ ከዚያም ቀዳዳው ከሲሚንቶው ጋር ተጣብቆ እንዳይደፈን ስባሪ ጡብ ላይ አስቀምጡት። ከሥር ጠጠር መደልደል ውሃ ያስወጣል የሚባለው ነገር እውነት አይደለም። ውሃው ጠጠሩ ጋ ሲደርስ ከላይ ያለው አፈር ይዞ ያስቀረዋል፤ እናንተ ያተረፋችሁት ለሥሩ የሚሆነውን ቦታ ማጥበብ ብቻ ነው። የሚወጣውን ውሃ የሚቀበል ሳሕን ከሥር አድርጉ፣ ዝናብ ሲያባራም ድፉት። በረንዳችሁ ሥር ነጭ አንሶላ የምታሰጣ ጎረቤት ካለች ምን ለማለት እንደፈለግሁ ይገባችኋል።

አሁን ወደ መርጨቱ ልመለስ። ዘንድሮ ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝ እሱ ነው።

እኛ ብሎክ ምድር ቤት የሚኖር ወጣት አባወራ ከሕንፃው ጀርባ ባለችው ክፍት ቦታ ጎመን ተክሏል። ቢጫ ሲሆንበት ገበያ ሄዶ «መድኃኒት» ገዝቶ መጣ። የያዘው ግማሽ ሊትር የሀይላንድ ጠርሙስ ነበር፤ ውስጡ ወደ ቢጫ የሚያደላ ፈሳሽ አለ። ጽሑፍ የለውም። ሻጩ የነገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «አንድ ክዳን በአንድ ባልዲ»። እሱ ባልዲ ሊያመጣ ሲገባ ጠርሙሱን ደረጃው ላይ አስቀመጠው። አራት ዓመት የሆናት ልጁ አንስታ በሁለት እጇ አቅፋ ተከተለችው። «አባዬ፣ ጁሱን ክፈትልኝ» ነው ያለችው። ክዳኑ ጠብቆ ስለነበር ብቻ ነው ታሪኩ እዚህ ላይ የቆመው።

ጎመኑን በኋላ ያዩለት ፊት ለፊት ያሉት እትዬ ናቸው። «ልጄ፣ እስቲ መጀመሪያ እጅህን አፈሩ ውስጥ ክተተው» አሉት። ሲከት እስከ አንጓው ጭቃ ሆነ። «ታዲያ ይኼ ምን በሽታ አለው? ጨቀየ እንጂ። ውሃውን አውጣለት።» በዚያው ቅዳሜ ቦይ ቆፈረለት። ከሦስት ሳምንት በኋላ አዲሶቹ ቅጠሎች አረንጓዴ ሆነው ወጡ። ምንም አልተረጨበትም።

በሥራዬ የምርት መለያ ጽሑፍ ላይ ብዙ ሰዓት አጠፋለሁ፤ የትኛው ቃል ደንበኛውን እንደሚያቆመው እያልኩ። የፀረ ተባይ መለያ ግን ለማሻሻጥ የሚጻፍ አይደለም። ውስጡ ያለው ኬሚካል ምን እንደሆነ፣ ስንት ሚሊ ሊትር በስንት ሊትር ውሃ እንደሚበጠበጥ፣ ለየትኛው ሰብል እንደተፈቀደ፣ ከተረጨ በኋላ ስንት ቀን ሳይበላ መቆየት እንዳለበት፣ ሰው ከጠጣው ምን እንደሚደረግ ይናገራል። ወደ ሀይላንድ ሲገለበጥ ይህ ሁሉ ይጠፋል፤ የሚቀረው ልጅ የሚያውቀው የመጠጥ ጠርሙስ ነው።

የመቆያ ቀኑ ጉዳይ ደግሞ ለጓሮ ጎመን ጭራሽ አይሠራም። ጎመን እንደ ስንዴ በአንድ ቀን አይታጨድም። ዛሬ ከሥር ሦስት ቅጠል ይቀነጠሳል፣ ከነገ ወዲያ ሌላ ሦስት፤ ተቀንጥሶ ወዲያው ድስት ውስጥ ይገባል። ብዙዎቻችን ጓሮ የጀመርነው በአቃቂ ወንዝ ውሃ ስለሚለማው አትክልት ስለምንሰጋ ነው። ያንን ሸሽተን መጥተን ስሙን የማናውቀውን ኬሚካል ራሳችን ከረጨንበት ገበያው ምን በደለን? የግድ መርጨት ካለባችሁ በፋብሪካ የታሸገና መለያው ያልተነሳ ግዙ፤ ልጅ በማይደርስበት ቦታ ቆልፉበት፤ ወደ ሌላ ዕቃ ፈጽሞ አትገልብጡት። ድንገት ልጅ ጠጣ ብላችሁ ከጠረጠራችሁ አታስመልሱት፣ ወተት ፍለጋም ጊዜ አታጥፉ። የነካው ልብስ ይውለቅ፣ ቆዳው በሳሙናና በውሃ ይታጠብ፤ ጠርሙሱን ይዛችሁ በቅርብ ወዳለው ሐኪም ቤት ሩጡ።

ሰኔ ላይ ጎመን የሚበላ ተባይ የለም እያልኩ አይደለም። አለ፤ ግን በእጅ የሚያዝ ነው። ክሽክሽን ከባድ ዝናብ ራሱ ያጥበዋል፤ የተረፈውን አንድ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በአንድ ሊትር ውሃ በጥብጣችሁ የቅጠሉን ጀርባ እጠቡት። ጠዋት ስትነሱ ችግኙ ከመሬቱ አፋፍ ላይ በመቀስ እንደተቆረጠ ሆኖ ተጋድሞ ካገኛችሁት ቆራጭ ትል ነው። ሩቅ አይሄድም። በግንዱ ዙሪያ አፈሩን ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ጫር ጫር አድርጉ፣ ተጠቅልሎ ተኝቶ ታገኙታላችሁ። ለቀሪዎቹ ችግኞች ባዶ የውሃ ጠርሙስ እንደ ቀለበት ቆርጣችሁ ግንዱን ከብባችሁ ግማሹን መሬት ውስጥ አስገቡት። ሀይላንድ ለጓሮ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው።

ቀንድ አውጣ ሌሊት ይበላል፣ ቀን ይደበቃል። አመድ ይከለክለዋል ይባላል፤ ሲደርቅ ልክ ነው፣ ሲረጥብ ግን ተራ ጭቃ ነው፣ በክረምት ደግሞ ደረቅ አመድ የት ይገኛል። የሚሻለው መደቡ ዳር ጣውላ አጋድሞ ማደር ነው፤ ጠዋት ጣውላውን ስትገለብጡ ሥሩ ተሰብስበው ታገኟቸዋላችሁ። ወይም ከእራት በኋላ ከልጆቹ ጋር ባትሪና ጨው ያለበት ውሃ ይዛችሁ ውጡ። እኛ ብሎክ ያሉ ልጆች ቁጥር እየተፎካከሩ ነው የሚለቅሙት፤ ወላጆቻቸው ለመኝታ ሰዓት ሲጣሯቸው ነው የሚያስቸግረው።

በረዶ የመታው ጎመን አይነቀል። የተበጣጠሰውን ቅጠል ቀንጥሳችሁ ሥሩት፤ መሐሉ ላይ ያለው እምቡጥ ካልተሰበረ በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ ያገግማል።

የአበሻ ጎመን፣ ቆስጣ፣ ካሮት እና ቀይ ሥር ከፍ ባለ መደብ ላይ አሁን ይዘራሉ። የጥብስ ቅጠልና ጤና አዳም ሥራቸው ውሃ ላይ መቆም አይችልም፤ በዕቃ ከሆኑ ከጣሪያው ክዳን ሥር አስጠጓቸው። ጤና አዳሙን ስትከረክሙ እጃችሁን ሸፍኑ፤ ፈሳሹ ቆዳ ላይ ሆኖ ፀሐይ ካገኘው እንደ እሳት ይልጣል። ድንች ለመትከል ያሰባችሁ ከሆለታ ግብርና ምርምር ማዕከል የወጡትን ጉደኔን ወይም በለጠን ጠይቁ፤ ምችን የመቋቋም አቅማቸው ታይቶ ነው የተለቀቁት።

ቲማቲምን ሜዳ ላይ ለዝናብ አትስጡት። በ1845 እ.ኤ.አ. የአየርላንድን ድንች ጨርሶ ሕዝቡን ለረሃብ የዳረገው ምች ቲማቲምንም ያጠቃል፤ የሚወደውም ልክ እንደ አዲስ አበባ ክረምት ያለ ቀዝቃዛና እርጥብ አየር ነው። ቅጠሉ ላይ ውሃ የያዘ የሚመስል ጠቆር ያለ ነጠብጣብ፣ ጀርባው ላይ ነጣ ያለ ሻጋታ ካያችሁ ተክሉን ነቅላችሁ በፌስታል አስራችሁ ጣሉት፤ ኮምፖስት ውስጥ አትክተቱት። በአንድ ሳምንት መደቡን ሁሉ ሊያዳርስ ይችላል። ዝናብ የማይነካው በረንዳ ያለው ሰው በባልዲ ይሞክር። ሌሎቻችሁ የዘር ፓኬቱ ላይ ያለው ቀይ ቲማቲም አያጓጓችሁ፤ ፓኬቱን ክዳኑ በሚገጥም ደረቅ ጣሳ ውስጥ አስቀምጡትና መስከረም ላይ አውጡት።