የጓዳ ሚዛን፦ ከመልኩ ልኩ ይታይ

የአዲስ አበባ ሸማች ቅቤውን፣ ሥጋውን፣ ቡናውን፣ ስኳሩንና ሽንኩርቱን በኪሎ ይገዛል። ሲገዛ የሚያየው የሻጩን ሚዛን ብቻ ነው። ቤቱ ገብቶ ልመዝን ቢል መመዘኛ የለውም። ማቀዝቀዣውም ቴሌቪዥኑም በተሟላበት ቤት ሳይቀር ስለ ሚዛን ሲነሳ «ምን ያደርግልናል፣ ሱቅ አልከፈትን» የሚል መልስ ይሰማል። ሱቅ የከፈተውማ ሚዛኑን ቀድሞ ገዝቷል። ሚዛን የሌለው ከፋዩ ዘንድ ነው።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ከአንድ ኪሎ ላይ 50 ግራም ቢጎድል በእጁ አንስቶ የሚለይ ሰው አይገኝም። 20 ኪሎ ሲገዛ ግን አንዱ ኪሎ ተከፍሎበት ያልተገኘ ነው። ቅቤ ኪሎው 1,000 ብር ነው እንበል፤ 50 ግራም ማለት 50 ብር ማለት ነው። ብሔራዊ ባንክ በሐምሌ 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ ተመንን ለገበያ ከለቀቀ ወዲህ የዋጋ ወሬ ከየቤቱ አልወጣም። ሆኖም ስለ አሥር ብር ጭማሪ ከባለ ሱቁ ጋር ግማሽ ሰዓት የሚከራከረው ሸማች ስለ ግራሙ ቃል አይተነፍስም። ዋጋው ባለበት ቆሞ ክብደቱ ቢቀንስ ያው ጭማሪ ነው፤ ያንን ጭማሪ የሚያሳይ ዕቃ ግን ጓዳው ውስጥ የለም።

የይሉኝታም ነገር አለ። ባለ ሱቁ ወር እስኪደርስ በዱቤ የሚሰጥ ጎረቤት ነው፤ ከእሱ የተገዛን መልሶ መመዘን እንደ ጥርጣሬ ይቆጠራል። ይህ አያስኬድም። ባለ ሱቁ ራሱ ከጅምላ ነጋዴው የሚረከበውን ሲመዝን ማንም ተጠራጣሪ አላለውም።

በሌላ በኩል ሚዛን የገዛ ሁሉ በማግስቱ ከሰፈሩ ጋር እንዳይጣላ ማወቅ ያለበት ነገር አለ። ብዙዎቹ የንግድ ዲጂታል ሚዛኖች የሚቆጥሩት በ5 ወይም በ10 ግራም እየዘለሉ ነው። መጠቅለያ ወረቀትና ኮባም ክብደት አላቸው፤ ሥጋም መንገድ ላይ ደሙን ያንጠባጥባል። ስለዚህ በኪሎ 10 ወይም 15 ግራም ቢጎድል ወንጀል አይደለም። ከአንድ ሱቅ በተገዛ ቁጥር 70 ወይም 80 ግራም የሚጎድል ከሆነ ግን ሱቅ መቀየር ይገባል። አንድ ቀን ጎድሎ ሌላ ቀን የሚተርፍ ከሆነ የሻጩ እጅ ችኮላ ነው፤ ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን ብቻ የሚያደላ ስህተት ግን ችኮላ አይባልም።

ወደ ግዢው ሲመጣ ሸማቹ የሚሳሳተው ከሁሉ በፊት በአቅሙ ላይ ነው። በየመደብሩ ተደርድሮ የሚታየው ነጭ ፕላስቲክ ሚዛን ካርቶኑ ላይ «10 ኪሎ፣ በ1 ግራም» ይላል። ይህ ማለት 10 ኪሎውን 10 ሺ ቦታ ከፋፍሎ አያለሁ ማለቱ ነው። ከዚያ ብዙ እጥፍ ዋጋ የሚያወጣው የነጋዴው 30 ኪሎ ሚዛን በ10 ግራም ሲቆጥር 3 ሺ ቦታ ብቻ ነው የሚከፍለው። ርካሹ ከውዱ ሦስት እጥፍ አያለሁ ሲል ገዢው ፈገግ ማለት አለበት። መስታወቱ ላይ አንድ ግራም መጻፉና አንዱን ግራም በትክክል ማወቁ ለየቅል ናቸው። ለተራ ቤት 5 ኪሎ የሚያነሳና በ1 ግራም የሚቆጥር ይበቃል። የጤፍ ኩንታል እንደሆነ ጓዳ ውስጥ አይመዘንም። በመቶኛ ግራም የሚቆጥሩት የኪስ ሚዛኖች ደግሞ ለወርቅ እንጂ ለሽንኩርት አልተሠሩም።

ባለ መርፌው የሞላ ሚዛን ባትሪ ስለማይፈልግ የሚወዱት አሉ፤ እውነት አላቸው። ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚቆጥረው በ20 ወይም በ25 ግራም ነው፤ ሞላውም በአገልግሎት ብዛት ይላላል። ለድንችና ለሥጋ ይሆናል፤ ለእርሾና ለኮረሪማ አይሆንም። ለነገሩ ባለ 1 ግራሙም ቢሆን በጥቃቅን ነገር አይታመንም። በ1 ኪሎ ላይ የአንድ ግራም ስህተት ከቁጥር አይገባም፤ በ5 ግራም እርሾ ላይ ግን አንድ አምስተኛ ነው። ከዚህም በላይ ብዙዎቹ ዲጂታል ሚዛኖች በቁንጥር በቁንጥር የሚጨመርባቸውን ሳይቆጥሩ ያልፋሉ። ቅመሙን በሲኒ አጠራቅሞ በአንድ ጊዜ ማስቀመጥ ይሻላል።

ገንዘቡ ሳይከፈል እዚያው መደብሩ ውስጥ መሞከር ይቻላል። የሚያኮርፍ ሻጭ ካለ የሚቀጥለው መደብር ሩቅ አይደለም። ሁለት የታሸጉ ዕቃዎች ለየብቻ ይመዘኑ፤ ቀጥሎ አብረው ይመዘኑ፤ ድምሩ ካልገጠመ ሚዛኑ ይቅር። አንዱ ዕቃ መሀል ላይ፣ ከዚያም በአራቱም ጥግ ይቀመጥ፤ ቁጥሩ ከጥግ ጥግ የሚሸሽ ከሆነ አይረባም። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነውና የታሸገ የአንድ ሊትር ውሃ ከነፕላስቲኩ ከኪሎ ጥቂት ከፍ ብሎ መታየት አለበት። በዘይት የሚሞክር ሰው ግን አይደናገጥ፤ አንድ ሊትር ዘይት 920 ግራም አካባቢ ነው። ሚዛኑ በግራም ላይ መሆኑም ይታይ። በኦንስ ላይ ተረስቶ የቀረ ሚዛን ብዙ ሰው አደናግሯል፤ አንድ ኦንስ 28 ግራም ከምናምን ነው።

ባትሪው ከየሱቁ የሚገኘው ተራው የባትሪ ድንጋይ ቢሆን ይመረጣል። እንደ ሳንቲም ጠፍጣፋ የሆነው በቀላሉ አይገኝም፤ ሕፃን ከዋጠው ደግሞ ጉሮሮውን ያቃጥላል። ባለ መስታወቱ ሚዛን ያምራል፤ ትልቅ ድስት ሲቀመጥበት ግን ቁጥሩ ከድስቱ ሥር ይደበቃል።

ድስት ከተነሳ አይቀር የጓዳ ሚዛን ዋናው ጥቅሙ ሻጩን በመቆጣጠር ላይ አይደለም፤ ቅቤውን በማንጠር ላይ ነው። ቅቤ ውስጥ ሙዝ ቢደባለቅ ወይም የአትክልት ቅባት ቢጨመር ሚዛን አያውቅም፤ ኪሎው ያው ኪሎ ነው። ከተነጠረ በኋላ የሚቀረው ግን ይመዘናል። የአንዱ ነጋዴ ቅቤ ኪሎው 1,000 ብር ሆኖ 800 ግራም ንጥር ቢወጣው፣ የሌላው 900 ብር ሆኖ 700 ግራም ቢወጣው፣ ርካሽ የመሰለው የትኛው ነው? የመጀመሪያው ንጥሩ በኪሎ 1,250 ብር ይወድቃል፤ ሁለተኛው 1,285 ብር አልፏል። ይህን የሚያውቅ ቤት በሚቀጥለው ጊዜ ሾላ ወይም መርካቶ ሲወርድ ወዴት እንደሚሄድ አይጠፋውም። ቡናም እንዲሁ ነው፤ ሲቆላ ከክብደቱ ከ15 እስከ 20 በመቶ ያጣል። ጥሬው በ800 ብር ተገዝቶ 800 ግራም ቢቀር የተቆላው ኪሎ 1,000 ብር ፈጅቷል፤ የተፈጨ ቡና ዋጋ ከዚህ ጋር ይነጻጸር። ጉልት በመደብ የሚሸጠው ቲማቲምም አንድ ሁለት ጊዜ ቢመዘን ከኪሎው ጋር ማስተያየት ይቻላል፤ አንዳንዴ ጉልቷ ከአትክልት ቤቱ ትረክሳለች።

ይህን ሁሉ ሲያደርጉ ድስቱ ይቀዝቅዝ፤ ትኩስ ዕቃ ሚዛኑን ያዛባዋል። ባዶው ድስት ተቀምጦ «ቴር» የሚባለው ቁልፍ ሲነካ ቁጥሩ ዜሮ ይሆናል፤ ድስቱ ግን ከሚዛኑ አቅም ላይ መቀነሱ አይቀርም። ሁለት ኪሎ ድስት የተቀመጠበት ባለ 5 ኪሎ ሚዛን የሚቀረው 3 ኪሎ ነው።

ለክርክር ሲባል ደግሞ የጓዳ ሚዛን ማስረጃ አይሆንም። ተቆጣጣሪው የሚመረምረው ለመሸጫ የሚውለውን ሚዛን ነው። ጉድለት ያየ ሸማች ዕቃውን ሳይፈታ ይዞ ተመልሶ ሻጩ ፊት ይመዝን፤ እዚያም ሙሉ ሆኖ ከታየ የሚጠየቀው የሻጩ ሚዛን ነውና አቤቱታው ወደ ወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤት ይሂድ። በሚቀጥለው ግዢ ደግሞ ዕቃው ሳይቀመጥ የሻጩ ሚዛን ዜሮ ላይ መቆሙ ይታይ።