ማንም አያስነሳህም

ባለፈው ሳምንት ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ፣ የታክሲ ሰልፍ ላይ ሳለሁ አንድ የማውቀው ወጣት ሾፌር መስኮቴን አንኳኳ። «ጋሼ፣ ቶርናመንት በቃኝ! ከእንግዲህ ካሽ ጌም ብቻ ነው የምጫወተው። ሲያሰኝህ ትገባለህ፣ ሲያሰኝህ ትነሳለህ» አለኝ። ከእኔ ምርቃት ነበር የጠበቀው። እኔ ግን ያቺ «ሲያሰኝህ ትነሳለህ» የምትለዋ ቃል ጎረበጠችኝ።

ፖከር ለማያውቅ አንባቢ ልዩነቱን ላስረዳ። በቶርናመንት፣ 150 ዶላር ብትከፍል በእጅህ የሚገባው ቺፕ ከውድድሩ ውጭ ዋጋ የለውም። ብላይንድ የሚሉት የግዴታ መደብ በየሃያና በየሠላሳው ደቂቃ እያደገ ያሳድድሃል፤ ቺፕህ ሲያልቅ ትሰናበታለህ። ከመቶ ሰው ገንዘብ ይዘው የሚወጡት ከ10 እስከ 15 ቢሆኑ ነው፤ ከዚያም ውስጥ ትልቁን ድርሻ ጥቂቶቹ የመጨረሻዎቹ ይወስዱታል። በካሽ ጌም ግን እያንዳንዱ ቺፕ ጥሬ ገንዘብ ነው። ብላይንዱ አያድግም። ተበልተህ ባዶህን ብትቀር ከኪስህ አውጥተህ ትቀጥላለህ።

አብዛኞቻችንን ወደ ፖከር የሳበን ቶርናመንት ነው። በ2003 ክሪስ መኒሜከር የሚባል የቴኔሲ የሒሳብ ሠራተኛ፣ በኢንተርኔት በ86 ዶላር ማጣሪያ ተጫውቶ ላስ ቬጋስ ገባ፤ 839 ተወዳዳሪዎች የነበሩበትን የዓለም ውድድር አሸንፎም 2.5 ሚሊዮን ዶላር ወሰደ። የቤተሰብ ስሙ ራሱ ትርጉሙ «ገንዘብ ሠሪ» ነው። እኔም ያንን ሕልም አሥር ዓመት አሳድጄዋለሁ፣ እሱ ግን አላሳደገኝም። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ተመዝግቤ፣ ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ ተቀምጬ፣ ሽልማት ሊጀመር ሁለት ሰው ሲቀር ስባረር የምከስረው 150 ዶላሩን ብቻ አይደለም፤ የቅዳሜ ማታ ገበያዬም አብሮ ይሄዳል። የታክሲ ሰው የቅዳሜ ማታን ዋጋ ያውቀዋል። ስለዚህ የዛሬ ስድስት ዓመት ወደ ካሽ ጌም ተሻገርኩ። ልጁ መሻገሩን አልነቅፍበትም ማለት ነው።

የመጀመሪያዋን ሌሊት ግን አልረሳትም። ሜሪላንድ ውስጥ፣ ብላይንዱ አንድና ሦስት ዶላር የሆነ ጠረጴዛ ላይ 300 ዶላር ይዤ ተቀመጥኩ። መቶ ብላይንድ መሆኑ ነው። ሁለት ኤስ ደረሰኝ። ጠረጴዛው ላይ 7፣ 8 እና 9 ወረዱ። ፊት ለፊቴ የነበሩት፣ ከመጡ ጀምሮ ቃል ያልተነፈሱ አዛውንት መደቡን ከፍ አደረጉት። ቶርናመንት ላይ አሥራ አምስት ብላይንድ ብቻ ቀርቶህ ሁለት ኤስ ከያዝክ ምን ታስባለህ? ሁሉንም ትገፋለህ፣ ያዋጣልም። እኔም እጄ ለምዶ ገፋሁት። አዛውንቱ ጃክና አሥር ገለጡ፤ ከ7 እስከ ጃክ አምስት ተከታታይ ካርታ ሆነና ሁለቱን ኤሴን በለጠ። መቶ ብላይንድ የሚያስገባ ሰው፣ በተለይ ዝምተኛ ሰው፣ በባዶ እጁ እንደማያስገባ ለመማር 300 ዶላር ከፈልኩ።

ይህስ ጥሩ ትምህርት ነበር፣ ዋጋውም ውድ አይደለም። ውድ የሆነው ቀጥሎ የመጣው ነው። ቶርናመንት ቢሆን በዚያች እጅ ተሰናብቼ ቤቴ ገብቼ እተኛ ነበር። እዚህ ግን ማንም አላሰናበተኝም። ሌላ 300 አወጣሁ። ደግሞ ሌላ 300። ሊነጋጋ ሲል 900 ዶላር ተበልቼ ስወጣ፣ ስድስት መቶውን የበላኝ ካርታ ሳይሆን ወንበሩ እንደነበር ገባኝ።

ወንበሩ ደግሞ ኪራይ አለው። ቁማር ቤቱ ከየጨዋታው ድርሻውን ይቆርጣል፣ ያሸነፈም ለአዳዩ አንድ ዶላር ጉርሻ ይሰጣል። በሰዓት ሠላሳ ያህል ጊዜ ካርታ ይታደላል። በየዙሩ ቤቱ አራት፣ አዳዩ አንድ ዶላር ቢወስዱ፣ በሰዓት 150 ዶላር ከጠረጴዛው ተነነ ማለት ነው። ለዘጠኝ ሰው ሲካፈል ለእያንዳንዱ ከ16 ዶላር በላይ ይደርሰዋል። ስምንት ሰዓት ለተቀመጠ፣ አንድም ስሕተት ሳይሠራ 130 ዶላር ገደማ ወጣ። ተከራይቶ የሚነዳ ሰው ይህን ሒሳብ ያውቀዋል፤ መኪናው ቆሞም ኪራዩ ይቆጥራል።

ለልጁ የነገርኩት ይህንን ነው። ቁማር ቁማር ነው፣ ስሙን አላሳምርለትም። ግን ቶርናመንት ከነክፋቱ አንድ በጎ ነገር ነበረው፦ የኪሳራህን ልክ በር ላይ ይነግርሃል። ካሽ ጌም ላይ ልኩን የምታበጅለት አንተው ነህ፤ ያውም ከቤትህ ሳትወጣ፣ ገና ሳትናደድ። ለ300 ዶላር ጠረጴዛ ቢያንስ የሃያ ጊዜ መግቢያ፣ 6,000 ዶላር፣ ከቤት ኪራይና አገር ቤት ከሚላከው የተለየ ገንዘብ ሊኖርህ ይገባል። ከሌለህ ቶርናመንትህን ተጫወት። ደብተርም ያዝ። መንግሥትም ይጠይቅሃል፦ ከ2026 ጀምሮ የአሜሪካ ሕግ ከቁማር ኪሳራ የሚቀንስልህ 90 በመቶውን ብቻ ነው። በዓመት 10,000 በልቶ 10,000 የተበላ ሰው ባላተረፈው 1,000 ዶላር ላይ ግብር ሊጠየቅ ይችላል።

«አንተ ስንት ሰዓት ላይ ትነሳለህ?» አለኝ።

«ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት።»

«እየበላህ ቢሆንስ?»

ጥያቄው ልክ ነው። ጎበዝ ተጫዋቾች፣ ጠረጴዛው ላይ ደካማ ሰው ሞልቶ ሳለ መነሳት ሞኝነት ነው ይላሉ፤ በሒሳብ እውነታቸውን ነው። እኔ ግን ደብተሬን ከኪሴ አውጥቼ ሰጠሁት። ቀን፣ የገባሁበት፣ የወጣሁበት፣ ገንዘብ፤ አራት ዓምድ ነው። ጣቱን እያስኬደ የድሮዎቹን ትልልቅ ኪሳራዎች ፈለገ። ሁሉም የተጻፉት ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት በኋላ ነው።