የክትባት ሒሳብና የሱቅ በር

ነጋዴ ከመጋዘኑ የጎደለውን ካላወቀ ያተረፈውን ሊያውቅ አይችልም። ይህ ደንብ ለሱቅ ብቻ ሳይሆን ለመንግሥት ሥራም እንደሚያገለግል፣ በደቡብ ምዕራብ ሕንድ የሚገኘው የኬረላ ክልል በኮቪድ ወረርሽኝ ዘመን የፈጸመው ሥራ ያስረዳል። ክልሉ ለኢትዮጵያውያን ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። ቁንዶ በርበሬው ከጥንት ጀምሮ በዓለም ገበያ የታወቀ ነው፤ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥትም በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ካስተማሩት ሕንዳውያን መምህራን ብዙዎቹ የዚያ አገር ተወላጆች ነበሩ።

በሕንድ የመጀመሪያው የኮቪድ ሕመምተኛ የተገኘው በዚሁ ክልል፣ ጥር 21 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። ነገር ግን ክልሉ በ2010 ዓ.ም. ኒፓ የተባለው ገዳይ በሽታ በገባበት ጊዜ፣ ሕመምተኛን ለይቶ ማቆየትንና ከእርሱ ጋር የተገናኙትን ሰዎች አንድ በአንድ ፈልጎ ማግኘትን ተምሮ ስለ ነበር፣ ሳይደናገጥ ሥራውን ጀመረ። መጋቢት 10 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ይኸውም ማዕከላዊው መንግሥት አገሩን በሙሉ ከመዝጋቱ ጥቂት ቀናት አስቀድሞ፣ የኑሮን ችግር ለማቃለል 200 ቢሊዮን ሩፒ የሚጠይቅ ዕቅድ አስታወቀ። በእጁ ገንዘብ የሌለው ሰው ገበያ እንደማይወጣ ማንኛውም ባለሱቅ ያውቃልና፣ ይህ ዕቅድ ለድኻው ብቻ ሳይሆን ለነጋዴውም የሚጠቅም ነበር።

ከሁሉ ይልቅ የሚደነቀው ግን የክትባቱ አያያዝ ነው። በሕንድ ክትባት መሰጠት የተጀመረው ጥር 8 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው። አንዱ ብልቃጥ ለ10 ሰዎች የሚበቃ ሲሆን፣ ከተከፈተ በኋላ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ካላለቀ ይደፋል። ስለዚህ ብልቃጡ ተከፍቶ ሰው ባይሟላ ጉዳቱ ቀላል አይደለም። በሌላ በኩል ደግሞ ፋብሪካው ለብክነት ማካካሻ ብሎ በየብልቃጡ ጥቂት ትርፍ ይጨምራል። የኬረላ ነርሶች ከማንም ድርሻ ሳይቀንሱ፣ ይህን ትርፍ በጥንቃቄ እየቀዱ ለተጨማሪ ሰው አዋሉት። በሚያዝያ ወር መጨረሻ 2013 ዓ.ም. ዋና ሚኒስትሩ ፒናራዪ ቪጃያን ባስታወቁት ሒሳብ፣ ክልሉ ለ7,338,806 ጊዜ መከተቢያ የሚበቃ መድኃኒት ተቀብሎ 7,426,164 ጊዜ ከትቧል። ብክነት ይታሰብ በነበረበት ቦታ 87,358 ትርፍ ተገኘ ማለት ነው። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ናሬንድራ ሞዲም ነርሶቹን በይፋ አመስግነዋል።

ይህ ቁጠባ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ከውጭ ዕቃ የሚያስመጣ ነጋዴ በቶሎ ይገባዋል። የካቲት 28 ቀን 2013 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው 2,184,000 ክትባት የተሠራው እዚያው ሕንድ፣ ፑኔ ከተማ በሚገኘው ፋብሪካ ነበር። ብዙም ሳይቆይ በሽታው በሕንድ ስለ በረታ ወደ ውጭ የሚላከው ክትባት ለወራት ተቋረጠ። ገንዘብ ይዞ ዕቃ በማይገኝበት ጊዜ፣ የፈሰሰውን ጠብታ የሚተካ ገበያ የለም።

ይሁን እንጂ የኬረላ ሥራ ሁሉ እንከን የሌለበት አልነበረም። ቀድሞ ሳይመዘገቡ የቀሩ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ሟቾች ወደ መዝገብ የገቡት ዘግይተው ከ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ወዲህ ነው፤ ክትባትን በጠብታ የቈጠረ መንግሥት ሟቹንም በዚያው ትጋት መቍጠር ይገባው ነበር። በንግድ ረገድም በ2013 ዓ.ም. ክረምት ብዙ ሱቆች በሳምንት ጥቂት ቀናት ብቻ እንዲከፈቱ ስለ ታዘዘ፣ የሳምንቱ ገበያተኛ በእነዚያ ቀናት ተጨናንቆ መታየት ጀመረ። ነጋዴዎችም ቀኑ ባነሰ ቍጥር ግፊያው ይበዛል ብለው አጥብቀው ተቃወሙ፤ አቤቱታቸውም እውነት ነበረው።

ሐምሌ 29 ቀን 2013 ዓ.ም. ሱቆች በሳምንት ስድስት ቀን እንዲከፈቱ ሲፈቀድ፣ ወደ ሱቅ የሚገባ ሰው ከሁለት ሳምንት በፊት ቢያንስ አንድ ጊዜ የተከተበ፣ ወይም በ72 ሰዓት ውስጥ ተመርምሮ ነፃ የሆነ፣ ወይም ታምሞ ከዳነ ወር ያለፈው እንዲሆን ታዘዘ። በዚያ ጊዜ ተራው ያልደረሰው ሕዝብ ገና ብዙ ነበር። ክትባት ያላገኘ ሰው ሩዝ ለመግዛት የምርመራ ወረቀት ሲጠየቅ፣ ባለሱቁም ሳይሾም ዘበኛ ሲሆን፣ ትእዛዙ ከመርፌው እንደ ቀደመ ግልጽ ነው።

በኢትዮጵያም በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የአማራ ክልል ባሕር ዳርን፣ እንጅባራን፣ አዲስ ቅዳምንና ጥሊሊን ለ14 ቀናት በዘጋ ጊዜ እንደ ታየው፣ ወረርሽኝ ሲመጣ የሱቅን በር የሚዘጋው የክልል መንግሥት ነው። ስለዚህ የየክልሉ የንግድ ምክር ቤቶች በጤናው ጊዜ ከጤና ቢሮዎች ጋር ተቀምጠው፣ ሱቅ በምን ሁኔታ እንደሚዘጋና እንደሚከፈት፣ የመኪና ነጂው፣ ተሸካሚውና የሱቅ ሠራተኛው መቼ እንደሚከተቡ፣ የክትባቱም ገቢና ወጪ ለሕዝብ እንዴት እንደሚገለጥ በጽሑፍ ቢወስኑ የተሻለ ይሆናል። ውሉ የሚጻፈው ዕቃው ከመጫኑ በፊት እንጂ መርከቡ ከተነሣ በኋላ አይደለምና።