«ቤት ለእምቦሳ» የማይባልላቸው የወታደር ሚስቶች!

«ባልሽ ምን ይሠራል?»

የጥያቄዎች ሁሉ መጀመሪያ ይቺ ናት። አከራይ በሩን ገርበብ አድርጎ አንገቱን ብቅ ሲያደርግ ከአፉ የምትወጣው እሷው ናት። «ወታደር ነው» የተባለ እንደሆነ በሩ ይዘጋል። ካልተዘጋም ዋጋው ይጨምራል። ዋጋው ካልጨመረም «የስድስት ወር ቅድሚያ አምጪ» ይከተላል። ቀጥሎ «ልጆች አሉሽ?» ይመጣል። ሁለት ካለች በቃ፣ አለቀላት!

ይህን የምጽፈው ከሰው ወሬ ለቃቅሜ አይደለም። ቸርቸር ተራራ ላይ፣ መሰላ ውስጥ፣ በአንድ ብርድ ልብስ አብራኝ ያደገችው ታናሽ እህቴ የአንድ አሥር አለቃ ሚስት ናት። ባለቤቷ ወደ ሌላ ካምፕ ተዛወረ ተብሎ ሁለት ልጆቿን፣ ፍራሿንና ጀበናዋን ይዛ ስትነሳ «ጋሼ፣ እባክህ ቤት አፈላልገኝ» አለችኝ። የካምፑንም ሆነ የከተማውን ስም አልጠቅስም። አንደኛ ነገሩ ወታደራዊ ነው። ሁለተኛ ደግሞ በእኔ ብዕር ምክንያት ነገ አማቼ ላይ ጣጣ እንዲመጣ አልፈልግም።

ከመሰላ ጭሮ ወረድን። ከጭሮ (ያኔ አሰበ ተፈሪ እያልን ያደግንባት ከተማ ናት) በሌሊት አውቶቡስ ተሳፈርን። የደረስንበት ከተማ መናኸሪያ ገና ከመውረዳችን ደላሎቹ ከበቡን። ካምፑ በር ላይም ጠይቀን ነበር። ለተራ ወታደር ቤተሰብ የሚሆን ክፍል የለም፣ ውጭ ተከራዩ ተባልን። ውጭ የት? ለዚህ መልስ የሚሰጥ ሰው አልተገኘም።

አራት ቀን ዞርን። በሁለተኛው ቀን ነገሩ ስለከነከነኝ አንድ ሙከራ አደረግሁ። እህቴን ሻይ ቤት አስቀምጬ ለብቻዬ ሄድኩና «ሥራዬ ጽሑፍ ነው፣ ብቻዬን ነኝ» አልኩ። አንዱ ክፍል 2 ሺህ 500 ብር ተባለ። ከሰዓት በኋላ ያው ደላላ ያንኑ ክፍል ለእህቴ አሳያት። የባሏን ሥራ ጠየቀ። 3 ሺህ 500! ጭቃው ያው ጭቃ፣ ቆርቆሮው ያው ቆርቆሮ፣ ለሰባት አባወራ አንድ የሆነው ሽንት ቤትም ያው ነው። 1 ሺህ ብር የጨመረው የባሏ መለዮ ነው ማለት ነው።

እህቴ የሐረርጌ ልጅ ናትና አማርኛውንም ኦሮምኛውንም ታቀላጥፈዋለች። ከደላላው ጋር ተከራክራ፣ ስቃ፣ ተቆጥታ ትገባባለች። ለመሆኑ ከጎጃም ወይም ከወላይታ ባሏን ተከትላ የመጣችው፣ የአገሩን ቋንቋ የማታውቀው፣ ወንድምም ያልተከተላት ሴት ምን ትሆናለች?

እንግዲህ አከራዮቹን መርገም ቀላል ነው። እኔም በሦስተኛው ቀን ረግሜያቸው ነበር። ማታ ላይ ግን አንዲት እናት በረንዳቸው ላይ አስቀምጠው ቡና አጠጡንና እቅጩን ነገሩን። «ልጄ፣ ወታደር ጠልቼ አይደለም። ካቻምና አንዱ ተከራይቶኝ ነበር። አንድ ሌሊት መኪና መጣና ወሰደው። ሚስቱ ከሦስት ልጅ ጋር ቀረች። ስልኩ አይሠራም፣ ደሞዙም አልደረሳትም። አራት ወር ሙሉ ኪራይ አላገኘሁም። አስወጣት ይሆን? የት ትሂድ? ወጥ ሠርቼም አብልቻታለሁ። እኔም የምኖረው በዚህችው ኪራይ ነው።»

ምን ይመለስላቸዋል? ሴትዮዋ ለአራት ወር ያህል የመንግሥትን ሥራ ሠርተዋል። የወታደር ቤተሰብ አስጠግተው አብልተዋል። ለዚህ ምስጋናም ካሳም አልደረሳቸውም። የሚቀጥለውን ወታደር «አይሆንም» ቢሉ ይፈረድባቸዋል? አይፈረድባቸውም። ፍርዱ የሚገባው ወታደሩን በሌሊት ጭኖ ሲወስድ ከኋላው ሚስትና ልጅ መኖራቸውን በመዝገቡ ላይ ለማይጽፈው ወገን ነው።

በየዓመቱ ጥቅምት 15 የሠራዊት ቀን ይከበራል። ሰልፉ ያምራል፣ ንግግሩም ያምራል። «የአገር አለኝታ»፣ «ደጀን» የሚሉ ቃላት ይዘንባሉ። አለኝታነቱን ማንም አይክድም። ጥያቄዬ ሌላ ነው። አለኝታው ድንበር ላይ ቆሞ አገር ሲጠብቅ የእሱን ልጆች ማን ይጠብቃል? የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 90 የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን ዜጎች ሁሉ መጠለያ እንዲያገኙ የሚያደርግ ፖሊሲ ይኖራል ይላል። አቅም በፈቀደ መጠን! እሺ፣ አቅሙ ይፍቀድ እንበል። ወታደሩን በትእዛዝ የምታዛውረው አንተ ራስህ ስትሆን ግን ነገሩ ይለያል። ነጋዴ ቤት ካጣ አይሄድም። አስተማሪም «አልሄድም» ብሎ ሥራ ሊለቅ ይችላል። ወታደር እንዲህ ሊል አይችልም። ማዘዝ የሚችል ማኖርም አለበት።

ታሪክ የሚያስተምረው ካለ ታሪክም አለ። በጥር 1966 ነገሌ ቦረና የነበሩት ወታደሮች ያመፁት በሶሻሊዝም ሰክረው አልነበረም። የውሃ መሳቢያቸው ተበላሸ፣ ከመኮንኖቹ ጉድጓድ እንዳይቀዱ ተከለከሉ፣ ምግባቸውም የማይበላ ሆነ። ሊያጣራ የመጣውን ጄኔራል ይዘው የእነሱን ምግብ አበሉት፣ የእነሱን ውሃ አጠጡት። የዚያን ዓመት ፍጻሜ ሁላችንም እናውቀዋለን። በ1983 ደግሞ የቀድሞው ጦር ሲበተን ካምፕ ውስጥ ይኖሩ የነበሩ ብዙ ሚስቶች የባላቸውን ደሞዝና የቤታቸውን ጣራ አንድ ላይ አጡ። ከኤርትራ የተባረሩትን የወታደር ቤተሰቦች አዲስ አበባ ውስጥ በላስቲክ መጠለያ ያየ ሰው አይረሳቸውም። ከሁለቱም ምን ተማርን?

የሰውን አገር ስንመለከት ደግሞ አሜሪካኖች ለወታደራቸው የቤት አበል የሚቆርጡት በማዕረጉ፣ በተመደበበት ቦታና በቤተሰብ ሁኔታው ነው። ኪራይ የሚወደድበት ከተማ የተመደበ አበሉም ከፍ ይላል። እንግሊዞች በእ.ኤ.አ. 1996 ወደ 57 ሺህ የሚጠጉ የወታደር ቤተሰብ ቤቶችን በ1.66 ቢሊዮን ፓውንድ ለግል ኩባንያ ሸጠው መልሰው ሲከራዩ ኖሩ። በእ.ኤ.አ. 2025 መጀመሪያ ላይ ከ36 ሺህ በላይ የሚሆኑትን ወደ 6 ቢሊዮን በሚጠጋ ፓውንድ ገዝተው መለሷቸው። የወታደርን ቤት ለገበያ የለቀቀ መንግሥት ኋላ ዕዳውን በእጥፍ ድርብ ይከፍላል ማለት ነው። «እነሱ ሀብታም ናቸው» ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው። እኔ ግን የሀብታም ነገር አልጠይቅም።

የምጠይቀው እነዚህን ነው። አንደኛ፣ ካምፑ ለወታደሩ ሚስት በማኅተም የተረጋገጠ የዋስትና ደብዳቤ ይስጥ። ባል በግዳጅ ላይ ሳለ ኪራዩ ከደሞዙ ተቆርጦ ለአከራይ ይድረስ። ያኔ ቡና ያጠጡን እናት «አይሆንም» የሚሉበት ምክንያት አይኖራቸውም። ሁለተኛ፣ ዝውውር የግድ በሌሊት ካልሆነ በቀር ቤተሰብ አንድ ወር ቀድሞ ይወቅ። ከቀበሌ መሸኛ ለማውጣትና ልጅ ከትምህርት ቤት ለማዛወር ቢያንስ ይህን ያህል ጊዜ ያስፈልጋል። ሦስተኛ፣ አዲስ ካምፕ ሲከፈት ቤት እስኪገኝ ድረስ ለቤተሰብ ማረፊያ የሚሆን፣ ቆርቆሮም ቢሆን፣ አንድ ረድፍ ክፍል ይሠራ። አራተኛ፣ ለሠራዊቱ አባላት ተሠሩ የሚባሉት ቤቶች ቁልፍ ሲሰጥ በቴሌቪዥን እናያለን። ስንቱ ለመኮንን፣ ስንቱ ለአሥር አለቃና ለተራ ወታደር እንደደረሰ ይነገረን። ይህ የጦር ምስጢር አይደለም!

በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ (ቁጥር 1320) ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ይላል። አዲስ አበባ ላይ ውል ማስመዝገብ ተጀምሯል። እኛ በዞርንበት ከተማ ግን ስድስት ወር ሲጠየቅ አዋጁን ያነሳ አንድም ሰው አልሰማንም። የሁለት ዓመት ውልስ በስምንት ወሩ ለሚዛወር ሰው ምን ይጠቅመዋል? ስለ ወታደሩ ለብቻው ማሰብ ያስፈልጋል የምለው ለዚህ ነው።

በአራተኛው ቀን ያቺው ቡና ያጠጡን እናት አስጠርተውን አንዲቷን ክፍል ሰጡን። «የእግዜር ነገር» ነው ያሉት። የሁለት ወር ከፈልን፣ ከፊሉም ከእኔ ኪስ ወጣ። ዕቃው ሲገባ በሩ ላይ ቆሜ «ቤት ለእምቦሳ!» አልኩ። እህቴ በአራት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ስቃ «እምቦሳ እሰሩ» አለች።

ይህ በሆነ በስምንተኛው ወር፣ ባለፈው ሳምንት፣ ደወለችልኝ። አማቼ «ለዝውውር ተዘጋጁ» ተብሏል። የት? አልተነገረውም። መቼ? እሱም አልተነገረውም።

«ጋሼ፣ ፍራሹን ልሽጠው ወይስ ልጫነው?» አለችኝ።

እኔ መልስ አጣሁ። መልሱን የሚያውቅ የሚመለከተው ክፍል ካለ ይንገረን።