ለጨዋታ ብለህ እቁቡን አትንካ!

የዛሬው ደብዳቤ የመጣው ከአጣዬ ነው። ጸሐፊው ወጣት ባሮጌ ላፕቶፑ ጂ.ቲ.ኤ. 5 ይጫወታል። መኪና ሲነዳ ግን ምስሉ ቆም፣ ዘለል፣ ቆም እያለ አበሳጭቶታል። እናቱ በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ስትቃጠል ሱቃቸውን አጥተዋል። መልሰው ሊያቆሙት እቁብ ገብተው ዘንድሮ ወጣላቸው። ልጁ ከዚያ ገንዘብ ተበድሮ አዲስ ላፕቶፕ መግዛት አምሮታል። «እማዬን እንዴት ብዬ ልጠይቃት?» ይለኛል።

ወንድሜ፣ ጨዋታን ሥራ ፈትነት ነው ከሚሉት ወገን አይደለሁም። ያን ሁሉ ያየ ልጅ ማታ ማታ መዝናኛ ቢያምረው ማን ይፈርድበታል? ግን እናትህን ከመጠየቅህ በፊት ሴቲንጉን ጠይቀው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮምፒውተሩ ምስሉን አንድ ባንድ እየሣለ ያሳልፍልሃል፤ አንዱ ሥዕል ፍሬም ይባላል። በሴኮንድ 30 ፍሬም ካገኘህ ያጫውትሃል፤ 60 ከሆነማ እንደ ውሃ ይፈሳል። ያንተ ከ30 በታች እየወረደ ነው።

አንደኛ፣ ላፕቶፑን ከአልጋ ላይ አንሣው። በይፋት ሙቀት ላይ ብርድ ልብስ ሲታከልበት ይግላል፤ ሲግል ደግሞ እንዳይበላሽ ብሎ ራሱን ያዘገያል። ጠረጴዛ ላይ አድርገው፣ የአየር ማስወጫውን አቧራ ጥረግለት፣ ቻርጀሩን ሰክተህ ተጫወት። በባትሪ ሲሆን ጉልበቱን ይቆጥባል።

ሁለተኛ፣ ሪዞሉሽኑን ዝቅ አድርግ። 1920 በ1080 ሲሆን ለእያንዳንዱ ፍሬም ከ2 ሚሊዮን በላይ ነጥብ ይሥላል። 1280 በ720 ስታደርገው ከ1 ሚሊዮን በታች ይሆናል። ምስሉ ትንሽ ይደበዝዛል፣ ቻለው።

ሦስተኛ፣ «ኤም.ኤስ.ኤ.ኤ.» የሚለውን አጥፋው። ሥራው የምስሉን ጠርዝ ማለስለስ ብቻ ነው፣ ጉልበት ግን ይጨርሳል። «ሻዶው»፣ «ሪፍሌክሽን» እና «ግራስ» ኖርማል ላይ ይሁኑ። በተለይ ከከተማ ወጥተህ ስትነዳ የሚያንቀራፍፍህ ያ ሣር ነው! «ፖፑሌሽን ዴንሲቲ»ን ስትቀንስ መንገድ ላይ ሰውና መኪናው ያንሳል፣ ፕሮሰሰሩም እፎይ ይላል። «ቴክስቸር»ን ግን ዝም ብለህ አታውርድ። እዚያው ገጽ ላይ የቪዲዮ ሜሞሪ መስመር አለ፤ ካልሞላ ተወው።

አደራ፣ ሁሉንም ባንዴ አትነካካ። አንዱን ለውጥ፣ ያንኑ መንገድ ደግመህ ንዳ፣ ልዩነቱን እይ። አለበለዚያ የቱ እንደጠቀመህ አታውቀውም።

ይህን ሁሉ አድርገህ እምቢ ካለህ ራሙን እይ። 4 ጊጋ ከሆነ ወደ 8 ማሳደግ አዲስ ላፕቶፕ ከመግዛት እጅግ ይረክሳል። እሱንም ቢሆን ከራስህ ኪስ አጠራቅመህ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ?

ይህ ጨዋታ ለኮምፒውተር የወጣው በ2007 ዓ.ም. ነው፤ እስከዛሬ የትም አልሄደም፣ ገናም ይጠብቅሃል። የእናትህ ሱቅ ግን ክረምት ይመጣበታል። ስለዚህ «እማዬ፣ ሱቁ ምን ቀረው? ቆርቆሮውን ላቀብል?» ብለህ ጠይቃት። ከገንዘቡ ጥያቄ ይልቅ ይኸኛው ደስ ያሰኛቸዋል።

ሳምንት እስክንገናኝ ቸር ይግጠመን።